ሐዋሳ የአደጋ መዝገብ ያስፈልጋታል

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት። ስትመሠረት ያዩ አረጋውያን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ይህ ወጣትነቷ ግን አንድ አሳሳች ስሜት ፈጥሯል፤ ከተማዋን ያፈረሰ አደጋ ስላላየን ወደፊትም የምናይ አይመስለንም። የቆመችበት መሬት ግን ከእሷ እጅግ የሚቀድም ታሪክ አለው። ከተማዋም አጠገቧ ያለው የሐዋሳ ሐይቅም የሚገኙት በጥንት ዘመን ታላቅ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ ሲደረመስ በተፈጠረ ሰፊ ጎድጓዳ፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ካልዴራ በሚሉት ስፍራ ውስጥ ነው። በዚያው ጎድጓዳ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በዓመት በሴንቲ ሜትሮች እያበጠ መምጣቱን ሳተላይቶች መዝግበዋል። ስለዚህ እላለሁ፦ ሐዋሳ የመሬት መንቀጥቀጡን፣ የሐይቁን መሙላትና የጎርፉን ታሪክ በአንድ መዝገብ አሰባስባ ለነዋሪው ክፍት ልታደርግ፣ የግንባታ ፈቃድ ስትሰጥም ያንን መዝገብ ገልጣ ልታይ ይገባታል።

እሑድ ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ከተማዋን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ በመለኪያው ከ4 ብዙም ያልዘለለ፣ በሌላ አገር ዜና እንኳ የማይሆን ነበር። ነገር ግን ምንጩ ከ5 ኪሎ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይ፣ ለከተማዋም ቅርብ ስለነበረ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ተሰምቷል፤ ሕንፃዎችን ሰነጣጥቋል፤ ሕዝቡንም ክፉኛ አስደንግጧል። በኋላ የተደረገ ጥናት መነሻው የኮርቤቲ እንቅስቃሴ ሳይሆን የጥንቱ መደርመስ ትቶት ያለፈው ስንጥቅ መሆኑን አመልክቷል። ያ ስንጥቅ የትም አልሄደም። በዚሁ ጎድጓዳ ውስጥ በ1976 እና በ1987 ዓ.ም. በመለኪያው 5 እና ከዚያ በላይ የደረሱ ሁለት መንቀጥቀጦች ተከስተዋል፤ ዛሬ ስንቱ ነዋሪ ያስታውሳቸው ይሆን? በዚያው በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 70 ሺህ ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከ150 ሺህ በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ዕድገት ለመረዳት የፎቆቹን ብዛት ማየት ይበቃል፤ ታላቁ የኢንዱስትሪ ፓርክ እንኳ የተመረቀው ከ2008ቱ መንቀጥቀጥ ስድስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ ነው። የ1987ቱ ዓይነት መንቀጥቀጥ ዛሬ ቢደገም የሚያገኛት ሐዋሳ ያኔ ያገኛትን አይደለችም።

ሐይቁም የራሱ ታሪክ አለው። የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ የሚወጣ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ዋና መጋቢው ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው የጥቁር ውሃ ወንዝ ነው። በዝናብ የገባው ውሃ በትነትና ወደ መሬት በመስረግ ካልቀነሰ በስተቀር ሐይቁ መሄጃ ስለሌለው ወደ ከተማዋ ይሰፋል። በ1990 ዓ.ም. በኤልኒኖ የተነሣ ከባድ ዝናብ ሲጥል የሆነው ይኸው ነው፤ ሐይቁ ሞልቶ በዳርቻው ያሉ ቤቶችንና መሬቶችን አጥለቀለቀ፤ ከተማዋም በዳርቻው መከላከያ ግድብ ለመሥራት ተገደደች። ብዙ ወጣት ዛሬ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ሲንሸራሸር የሚረግጠው አፈር ከውሃ ለመከላከል የተቆለለ መሆኑን የሚነግረው ሰው የለም። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቀድሞ ሐይቅ የነበረውና የተራራውን ደለል ይዞ ያስቀር የነበረው ጨለለቃ ራሱ በደለል ተሞልቶ ረግረግና የግጦሽ ሜዳ ሆኗል። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚታጠበው አፈር ቀድሞ የሚያርፍበትን አጥቷል ማለት ነው። ሐይቅ የመሙላቱ ችግር በሐዋሳ ብቻ የታየም አይደለም፤ ሐዋሳ ባለችበት ስምጥ ሸለቆ በኬንያ በኩል የሚገኙት የባሪንጎና የናይቫሻ ሐይቆች ባለፉት ዓመታት ሞልተው ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅለዋል።

እንዲህ ያለውን ታሪክ መመዝገብ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የተጻፈው አንድ ሰው ስለደከመበት ነው። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ዜና መዋዕሎችን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻና የመሣሪያ ንባቦችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1979 ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ሐዋሳ በተቆረቆረች በዓመቱ፣ በ1953 ዓ.ም.፣ የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ በዝርዝር የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው። ስለ ሐዋሳ የተደረገው ምርምር ግን በአብዛኛው በውጭ ቋንቋ በሳይንስ መጽሔቶች ታትሞ ቀርቷል። ቤት በሚያስገነባው ነጋዴ፣ ብረት በሚያስረው ሠራተኛ፣ ፈቃድ በሚፈርመው ሹም እጅ አልገባም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ሕዝብ ያስደነግጣል፣ ባለሀብትም ያሸሻል የሚለው ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ያየነው ተቃራኒውን ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን በመለኪያው 5.7 ገደማ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ የታመነ መረጃ ያልደረሰው ሰው በየስልኩ በሚናፈስ ወሬ ተጨነቀ። ብዙ ገንዘብ የሚያፈስ ባለሀብትም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው የአፈር ምርመራ ነው። ሁለተኛው፣ የሕንፃ አዋጅና የግንባታ ደንቦች እያሉ ሌላ ወረቀት ለምን የሚል ነው። ደንቡ አገሪቱን በሰፋፊ ቀጣናዎች ከፍሎ ይናገራል እንጂ የትኛው ሰፈር በሐይቁ ደለል ላይ እንደቆመ፣ በ1990 ዓ.ም. ውሃው እስከ የትኛው መንገድ እንደደረሰ፣ ከአላሙራና ከታቦር ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ አይነግረንም። ልቅና ውሃ ያዘለ አፈር መንቀጥቀጡን ስለሚያጎላው፣ አንድ ዓይነት ንድፍ ያላቸው ሁለት ሕንፃዎች በሁለት ሰፈር ሁለት ዕጣ ይገጥማቸዋል። በርግጥ መዝገብ ብቻውን ሕንፃ አያቆምም፤ የሚቆጣጠር መሐንዲስ ያስፈልጋል። መሐንዲሱ ግን በእጁ የሌለውን መረጃ ሊያስከብር አይችልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይልቅ ይከብደኛል። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን በሐይቁ ዳርቻ ባለች ቁራሽ ቦታ ላይ ያዋለ ሰው፣ መዝገቡ በወጣ ማግስት የቤቱ ዋጋ ሊወድቅበት ይችላል። ይህ ፍትሕን የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ በሚገባ መመለስ አለበት። እኔ የምለው፣ መዝገቡ ያለውን ቤት ለማፍረስ ወይም ነዋሪውን ያለ ካሣ ለማንሣት ምክንያት እንዳይሆን አስቀድሞ በደንብ ይጻፍ። መጀመሪያ የሚሠራበትም በአዳዲስ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና ፎቆች ላይ ይሁን። ሥራውን የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በየቀበሌው እየዞሩ አረጋውያኑን በመጠየቅ ሊጀምሩት ይችላሉ፤ የ1976ቱን ንዝረት በሃያ ዓመቱ ያየ ሰው ዛሬ ከስልሳ አልፏል። የከተማው አስተዳደር ደግሞ የሐይቁን ከፍታ በየወሩ በአማርኛና በሲዳምኛ ያሳውቅ፤ ለግንባታ ፈቃድ የሚመጣ ሰውም የሰፈሩ ታሪክ የተጻፈበት ገጽ ከማመልከቻ ቅጹ ጋር ይሰጠው።