የበሬው መርፌና የሰው ሕመም፦ በጎንደር ደጋ የእንስሳት መድኃኒት እንዴት ነው የሚሰጠው?

ግንቦት ሲገባ የደጋው አራሽ በሬውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። ከወገራ እስከ ጃናሞራ ባለው ምድር አንድ በሬ ታመመ ማለት ጥማዱ ጎደለ ማለት ነው፤ ጥማዱ ከጎደለ ደግሞ ማሳው ጦም ያድራል። የእንስሳት ክሊኒኩ የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ፣ ባለሙያውም ለሥራ ሌላ ቀበሌ ወጥቶ ከሆነ፣ ባለቤቱ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ከሚያውቀው ሱቅ ወይም ከገበያ አንድ ጠርሙስ ኦክሲቴትራሳይክሊን ይገዛል፤ መርፌ መውጋት የለመደ ጎረቤት ይጠራል፤ በሬውን ያስወጋል። በሬው በማግሥቱ ሣር ከነጨ መድኃኒቱ ሠራ ይባላል። የተረፈው ጠርሙስ ጓዳ ተቀምጦ ሌላ ከብት እስኪታመም ይጠብቃል።

ይህን ያደረገውን ገበሬ ጥፋተኛ አድርጎ መነሣት ለጉዳዩ አይበጅም። ከፊቱ የነበረው ምርጫ በሬውን ቆሞ እያዩ ማጣት ወይም ያገኙትን መሞከር ነበር። ነገር ግን ያ ጠርሙስ የሚያስከትለው ነገር በበሬው ገላ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ተመልሶ ወደ ቤተሰቡ፣ ከዚያም ወደ ከተማው ሊደርስ ይችላል።

ቴትራሳይክሊን የሚለው ስም ለከተማውም ለገጠሩም ነዋሪ እንግዳ አይደለም። እናቶች ለልጆቻቸው ዓይን የሚቀቡት ቅባት ከዚሁ ወገን ነው። በጤና ጣቢያ ለተስቦና ለግርሻ ትኩሳት ከሚታዘዙት መድኃኒቶችም መካከል ይገኛል። ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲንም ሰውንም ከብትንም ያክማሉ። የሰው መድኃኒት ሌላ፣ የከብት መድኃኒት ሌላ ነው የሚለው እምነት ስለዚህ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። የሚለየው መጠኑ፣ አዘገጃጀቱና በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

በአንድ በሬ አንጀት ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። መድኃኒት ሲገባ የማይችሉት ይሞታሉ፤ መቋቋም የቻሉት ተርፈው በተለቀቀው ቦታ ይራባሉ። ከዚህም የሚብሰው፣ የመቋቋም ችሎታውን የያዘውን ዘረ መል አንዱ ባክቴሪያ ለሌላው፣ ወገኑ ላልሆነውም ጭምር፣ ማስተላለፍ መቻሉ ነው። በደጋው ብርድ ጥጃና በግ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ኩበት የሚጠፈጥፈው እጅ ሊጥ የሚያቦካው እጅ ነው። ጀርሙ ከበረት ወደ ማዕድ ለመሻገር ረጅም መንገድ አያስፈልገውም።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን በተቀበለበት ንግግር፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ጀርሞቹ እንዲቋቋሙት ሊያደርግ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ በ2019 ብቻ 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከባዱ የሞት ድርሻ የወደቀው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ከከብት በረት የመጣ አይደለም። በሰው ሕክምና ያለ ማዘዣ የሚዋጠው እንክብል፣ ሳይጨረስ የሚቋረጠው መድኃኒትና የጤና ተቋማት የንጽሕና ጉድለት ትልቅ ድርሻ አላቸው። በረቱ ግን ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደለም።

በጎንደርም ምልክቱ ከታየ ቆይቷል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከታካሚዎች ቁስል፣ ደምና ሽንት በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ በተለያዩ ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች ከአንድ በላይ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ደጋግመው አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በከተማዋና በዙሪያዋ በሚሸጥ ወተት ውስጥ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን አሳይቷል። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከከተማዋ ሥጋ ቤቶች ሳልሞኔላ ለይቶ የትኞቹን መድኃኒቶች እንደተላመደ መርምሯል። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ከተማ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት ይገባል። በዓለም መድረክ ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ዋናው መፈክር «የእንስሳት መድኃኒት ቀንሱ» የሚል ነው። በአውሮፓ ኅብረት እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ጤነኛ እንስሳ ቶሎ እንዲፋፋ ተብሎ አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር ይሰጥ ነበርና መፈክሩ እዚያ ትክክል ነው። ኢትዮጵያ ግን 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት ይዛ በአፍሪካ ቀዳሚ ብትሆንም፣ የወገራና የዳባት ገበሬ ጠርሙስ የሚገዛው ከብቱ ሊሞትበት ሲል ነው። ብዙ ከብት ዛሬም የሚሞተው መድኃኒት በዝቶበት ሳይሆን መድኃኒት ሳያገኝ ነው። የእኛ ችግር ከብዛቱ ይልቅ ያለ ምርመራ፣ ያለ መጠንና ያለ ጊዜው መሰጠቱ ነው። መፍትሔውም ከዚሁ መነሣት አለበት።

መጠኑን እንውሰድ። በተለመዱት የኦክሲቴትራሳይክሊን ዝግጅቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ለ10 ኪሎ ግራም የእንስሳ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። 250 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 25 ሚሊ ሊትር ይሆናል ማለት ነው። በገጠር ግን በሬን የሚመዝን የለም፤ በዓይን ይገመታል። ጠርሙሱም ውድ ነው፤ ጎረቤትም ይካፈለዋል። ስለዚህ 25 ሚሊ ሊትር የሚያስፈልገው በሬ 10 ተወግቶ ቢቀር አያስገርምም። ይህ መጠን በሽታውን ለጊዜው ያዳክማል፤ ጀርሞቹን ግን አይጨርስም። ፍሌሚንግ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር። መድኃኒቱ ከአምራቹ ጀምሮ ጥራቱ የጎደለ ወይም በፀሐይ ተሰጥቶ የከረመ ከሆነ ደግሞ፣ በመለያው መሠረት የወጋም ሰው ሳያውቀው ከመጠን በታች ወግቷል።

ሌላው በሽታውን አለመለየት ነው። አፍተግር፣ የበግ ፈንጣጣ፣ የቆዳ ጉርብርብ፣ የበግና የፍየል ደስታ፣ የዶሮ ፈንግል፦ እነዚህ ሁሉ መነሻቸው ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ባለሙያ ተደራቢ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ሊያዝዝ ይችላል፤ ያ ግን በምርመራ የሚወሰን ነገር ነው። የሰውን የቴትራሳይክሊን ወይም የአምፒሲሊን እንክብል ፈልቅቆ በዶሮ ውኃ ውስጥ መበተን በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ፈንግል የገባበት ዶሮ በዚህ አይድንም። ትርፉ የወጣው ገንዘብና በተረፉት ዶሮዎች አንጀት ውስጥ የሚቀረው የተላመደ ጀርም ነው።

የከተማውን ነዋሪ ይበልጥ የሚነካው ግን ከመርፌው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ማንኛውም ለወተት ላም ወይም ለእርድ እንስሳ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ከገላው እስኪወጣ የሚጠበቅበት ጊዜ አለው። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለወተት ከጥቂት ቀናት፣ ለሥጋ እስከ አራት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ ካልተጠበቀ የመድኃኒቱ ቅሪት በወተቱና በሥጋው ይቀራል። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ቅሪቱን ግን ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በወተት ውስጥ ባለ ቅሪት ሊታመም ይችላል።

በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ዘይትና በናዝሬት ቄራዎች በታረዱ በሬዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከመረመራቸው 384 ናሙናዎች መካከል በ71 ነጥብ 3 በመቶው የኦክሲቴትራሳይክሊን ቅሪት አግኝቷል። ቅሪት መገኘቱ ብቻውን ከሚፈቀደው ወሰን አልፏል ማለት አይደለም፤ ሆኖም የመጠበቂያው ጊዜ ምን ያህል እንደሚዘነጋ ይናገራል። የእኛም የበዓል ገበያ ለዚህ የተመቸ ነው። ለፋሲካ ወይም ለገና የተቀለበ ሰንጋ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ቢታመም፣ ባለቤቱ አስወግቶ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ወደ ገበያ ይነዳዋል እንጂ አራት ሳምንት አይጠብቅም። ገዥውም አይጠይቅም።

ወተትን በሚመለከት በየቤቱ ያሉ ሴቶች የሚያውቁት አንድ ምልክት አለ፦ አልረጋ የሚል ወተት። እርጎን የሚያረጉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በወተቱ ውስጥ አንቲባዮቲክ ካለ እነሱንም ያዳክማቸዋል። ወተት የማይረጋበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ብርዱና የዕቃው ንጽሕናም ይወስኑታል። ነገር ግን ሞቅ ባለ ቤት፣ በለመደ ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን ተቀምጦ እንቢ ያለ ወተት ቢገጥምዎ ሻጩን ላሟ ታክማ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ታዲያ ከየት ይጀመር? በዚህ ጸሐፊ እምነት ከመርፌው በፊት ከሚመጣው መርፌ፣ ከክትባት። ይህ አገር የክትባትን ዋጋ በመራራ መንገድ የተማረ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ረሃብ የመጣው የከብት ደስታ በሬውን ፈጅቶ ማሳው ያለ አራሽ በመቅረቱ ነበር። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በክትባትና በክትትል ነው፤ በጠርሙስ አንቲባዮቲክ አይደለም። ከሩቅ አገር ምሳሌ ካስፈለገ ኖርዌይ አለች። በዓሣ እርባታዋ እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ትጠቀም ነበር፤ ዓሦቹን መከተብ ከጀመረች በኋላ ምርቷ እጅግ ጨምሮ ሳለ መድኃኒቱ በዓመት ከአንድ ቶን በታች ወርዷል።

ለአባ ሰንጋ፣ ለአባ ጎርባ፣ ለጎሮርሳ፣ ለበግ ፈንጣጣና ለፈንግል የሚሆነው ክትባት እዚሁ አገር፣ በቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የክትባት አምራች ተቋም ይመረታል። ችግሩ ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ቅዝቃዜው ሳይጓደል፣ ወረርሽኙ ሳይቀድመው የስሜን ተራራ ግርጌ መድረሱ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰበት ጊዜ፣ ከዚያም በክልሉ በቀጠለው የጸጥታ ችግር የባለሙያው እንቅስቃሴ ተገትቷል። ባለሙያው ያልደረሰበት ቦታ ላይ ጠርሙስ ሻጩ ይደርሳል።

ሕግ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 728/2004 የእንስሳት መድኃኒት ንግድ ያለ ብቃት ማረጋገጫ እንዳይካሄድ ደንግጓል፤ ቁጥጥሩም ዛሬ በግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። ሱቅ ማሸግ ብቻውን ግን በሬ የታመመበትን ሰው ወደ ስውር ገበያ ይገፋዋል። ምርመራም ሩቅ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የክልሉ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ያለበት ባሕር ዳር ከጎንደር ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ናሙናው ደርሶ ውጤቱ እስኪመለስ በሬው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ እያለ ከወረዳ ክሊኒኮች ለሚመጣ ናሙና ቋሚ አገልግሎት የሚሰጥበት መንገድ ቢመቻች ርቀቱ ከግማሽ በላይ ያጥራል።

የቀረው የወጪው ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም እርሱ ነው። በአዘዞ ወይም በማራኪ አንዲት ድቅል ላም ያለችው አርቢ ላሟ ጡቷን ብትታመም፣ አምስት ቀን አሳክማ ሦስት ቀን ብትጠብቅ ስምንት ቀን ሙሉ ወተቱን ትደፋለች። ላሟ በቀን 8 ሊትር የምትሰጥ ከሆነ 64 ሊትር ነው። ለጥጃ መስጠቱም መፍትሔ አይደለም፤ የተላመደውን ጀርም በጥጃው አንጀት ማሳደግ ይሆናል። ይህን ኪሳራ ብቻዋን ተሸከሚ ተብላ የምትመከር ሴት ምክሩን ሰምታ ወተቱን ለመሸጥ ብትገደድ ማን ይፈርድባታል? የወተት ማኅበራት ከእያንዳንዱ ሊትር ጥቂት ሳንቲም አስቀርተው ላሟ በሕክምና ላይ ለሆነች አባል ቢተኩላት፣ ገዥዎችም ይህን ለሚያደርግ ማኅበር ወተት ትንሽ ጨምረው ቢከፍሉ፣ ስሌቱ ይለወጣል። ለጊዜው ግን ወተት አምጪዋን ስለ ዋጋውና ስለ ውፍረቱ የሚከራከራት ገዥ ብዙ ነው፤ ላሟ መቼ እንደተወጋች የሚጠይቃት ብርቅ ነው።