ሌባው ብቻውን አልነበረም

ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ፒክአፕ በማቆሚያው ግቢ በር ገባ፤ ወደ ኋላ ተጠጋ፤ አንድ ሰው ወረደ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ተመልሶ ገባ። ስድስት ዓመት አጠራቅመን፣ የጎደለውን ከባንክ ተበድረን የገዛነው ተጎታች ቤታችን ከነጀበናው፣ ከነረከቦቱ፣ ከነልጆቹ ብርድ ልብስ በዚያች ቅጽበት ሄደ። ካሜራው ሁሉንም ቀርጿል። የግቢው ኃላፊ ምስሉን ካሳየኝ በኋላ የፈረምኩትን ውል ገልጦ አንዲት አንቀጽ በጣቱ ጠቆመኝ፤ «ለሚጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» ትላለች። አጥር አለን፣ ካሜራ አለን፣ የይለፍ ቁጥር ያለው በር አለን እያሉ በየወሩ 110 ዶላር ሲቀበሉኝ ኖረው መጨረሻው ይህ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

የምንኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ለእኛ ያ ተጎታች የቅንጦት ዕቃ አልነበረም። ሁለት ሥራ የሚሠሩ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር አማርኛ እያወሩ ሦስት ቀን የሚውሉበት ብቸኛው ቦታ ነበር። እናቴ ከደባርቅ መጥታ የሰነበተች ጊዜ ሮኪ ተራሮች ሥር አቁመነው ቡና ስታፈላ፣ የማለዳውን ብርድ ሳብ አድርጋ «ይኼማ የእኛው ስሜን ነው» ብላለች። የተሰረቅነው ይህንን ነው።

ወዳጅ ዘመድ ሊያጽናናን መጣ። «ዋናው ጤና ነው፣ እግዜር ይተካዋል» አሉን። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀብያለሁ። «ዕድል ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም! ያንን ምስል ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ካሜራው ያሳየው አንድ ጎንበስ ያለ ሰው ነው። እኔ ግን ከኋላው የቆሙትን ሁሉ አያለሁ።

መጀመሪያ የቆመው ፋብሪካው ነው። በአሜሪካ የሚሸጡት ተጎታች ቤቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት ኢንዲያና ግዛት፣ ኤልክሃርትና አካባቢዋ ነው። ከእነዚህ እጅግ የበዙት የጎን ዕቃ ማስቀመጫቸው የሚከፈተው ሲ ኤች 751 በሚባል አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው። የእኔ ቁልፍ የጎረቤቴን ይከፍታል፤ የጎረቤቴ የእኔን። ማንም ሰው በጥቂት ዶላር ይገዛዋል። ይህ ቁልፍ ሊባል ይገባዋል? በአሥር ሺዎች ዶላር የሚሸጥ ቤት ላይ ለሁሉም የሚከፍት መክፈቻ አንጠልጥሎ መስጠት ደንበኛን መናቅ ነው።

መጎተቻውስ? ተጎታቹ ሞተር የለውም፤ ማስነሻ ቁልፍ አይጠይቅም። 2 ኢንች ወይም 2 ከ5/16 ኢንች የመጎተቻ ኳስ መኪናው ላይ ያሠረ ሰው አብዛኛውን ተጎታች ቤት አንጠልጥሎ መሄድ ይችላል። ፋብሪካው በመጎተቻው አፍ ላይ የሚተወው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው። ጓጉንቸሩን አንተ ፈልግ፣ አንተ ግዛ፣ አንተ አስብበት ነው ነገሩ።

ሁለተኛ የቆመው ሕጉ ነው። የፌዴራሉ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ቁጥር 114 መኪና ያለ ቁልፍ እንዳይነሣ ያስገድዳል። የቤት መኪናንና ቀላል የጭነት መኪናን ይመለከታል፤ ተጎታችን ግን አያውቀውም። ኪያና ሁንዳይ ብዙ መኪኖቻቸውን ሞተር የሚቆልፈውን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሳያስገቡ ሸጠው፣ ታዳጊዎች በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያስነሱ ሲወስዷቸው አገር ጮኸ፤ ከተሞች ከሰሱ፤ ኩባንያዎቹም እ.ኤ.አ. በ2023 ለባለንብረቶች ካሳ ለመክፈል ተስማሙ። ጥፋቱ የሌባው ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ሁሉም ገብቶታል። ታዲያ ለተጎታች ቤት ሲሆን ለምን ዝም ይባላል?

«አይቻልም፣ ዋጋ ይጨምራል» የሚለኝ ሻጭ እንግሊዝ አገር ይሂድ። እዚያ የተጎታች ቤቶች መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አለ። ተጎታቹ ከፋብሪካ ሲወጣ የሻንሲ ቁጥሩ መስኮቶቹ ላይ ተቀርጾ ይወጣል፤ ያገለገለ የሚገዛ ሰው በዚያ ቁጥር ባለቤቱን ያጣራል። ብዙዎቹም የጎማ መቆለፊያው የሚታሠርበት ብረት አብሯቸው ይመጣል። ብዙ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች መጎተቻውንና ጎማውን ያልቆለፈ ሰው ካሳ እንደማያገኝ አስቀድመው ይነግሩታል። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ሌባውም ያው ሌባ ነው። የጠፋው ፈቃድ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የቆመው ግን ከመካከላችን ነው፤ ይህንን ሳልናገር አላልፍም። ያለ ሊብሬ፣ በግማሽ ዋጋ፣ ቁጥሩ የተፋቀ ተጎታች «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ የሚገዛ ወገን አለ። ወንድሜ፣ ያ ርካሽ የሌላ ልጅ አልጋ ነው። ገዢ ባይኖር ያ ሰው በሌሊት አይነሣም ነበር።

ሕጉ እስኪነቃ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መጎተቻውን ብቻ ቆልፎ መተኛት አይበቃም። ሌባው የደኅንነት ሰንሰለቱን በራሱ ኳስ ላይ ጠምጥሞ ጎትቶ ይወጣል። ስለዚህ ጎማው መቆለፍ አለበት፦ ወፍራም የጎማ መቆለፊያ፣ ሁለት አክስል ካለው ደግሞ በሁለቱም ቸርኬ ውስጥ የሚያልፍ ጠንካራ ሰንሰለት። አፍንጫውን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አቁሙት፤ ካልሆነ ሌላ መኪና ፊት ለፊቱ ይቁም። የዕቃ ማስቀመጫውን ቁልፍ ለመቀየር አንድ ካቻቢቴና ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ዛሬውኑ ቀይሩት። መከታተያ መሣሪያ የራሱ ባትሪ ያለው ሆኖ ከማይታይ ቦታ ይግባ። ኤርታግ የሚባለው ትንሽ መከታተያ ብቻውን አይታመንም፤ ሰው እንዳይሰለልበት ሲባል የማያውቀው ኤርታግ አብሮት እየሄደ መሆኑን ለሌባውም ስልክ ይናገራልና። ሊብሬውን ውስጡ አትተዉ። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፤ እናንተ ብቻ የምታውቁትን ምልክትም ከማይታይ ቦታ ላይ አኑሩበት።

ኢንሹራንሱንም ዛሬ አንብቡት። የሚጎትተው መኪና ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው ተጎታቹ መንገድ ላይ በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው፤ መሰረቁን አይደለም። እኔ ለብቻው ገብቼለት ነበር፤ የተከፈለኝ ግን በእርጅና የተቀነሰ ዋጋ ነው። የባንኩ ዕዳ ግን አልቀነሰም። ልጆቼ ከእንግዲህ ለማይተኙበት አልጋ በየወሩ እከፍላለሁ።

ለግቢ ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ለመቶዎች የሰጣችሁትን የበር ቁጥር ስንት ጊዜ ቀየራችሁ? ካሜራውን በሌሊት የሚያይ ሰው አለ? ከሌለ የምትሸጡት ጥበቃ አይደለም፤ የስርቆት ፊልም ነው።

ወገኖቼ፣ ተጎታች ለመግዛት ስትሄዱ ሻጩ ምድጃውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ አልጋውን ያሳያችኋል። አይታችሁ ስታበቁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህ ቁልፍ በስንት ሰው ኪስ ውስጥ አለ? ይህ ጎማ በምን ይቆለፋል? መልስ ከሌለው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ውጡ። ገንዘባችን እንቢ ሲላቸው ያን ጊዜ መቆለፊያ ይሠራሉ።