ውሳኔው ለመንደሩ፣ መድረኩ ለልጃገረዶቹ ይሁን

የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት እንዲሆን የደነገገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ከወጣ ሩብ ክፍለ ዘመን አልፎታል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ግርዛትን፣ ጠለፋንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን ወንጀል ብሎ ቅጣት አስቀምጦላቸዋል። ይሁንና በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከነበሩት ሴቶች መካከል ከመቶ 40ው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረው ተገኝተዋል። እነዚህ ሴቶች የቤተሰብ ሕጉ ሲወጣ ገና ሕፃናት ነበሩ፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሱትም ሕጉ ባለበት ዘመን ነው። ጥበቃው የተጻፈው ለእነሱ ነበር፤ አልደረሰላቸውም።

ምክንያቱን በአባት ጭካኔ ብቻ ማሳበብ ያሳስታል። ልጁን በ14 ዓመቷ የሚድር አባት አብዛኛውን ጊዜ ልጁን የሚጠላ ሰው አይደለም። ጎረቤት ‹‹ቆማ ቀረች›› እንዳይላት ይሰጋል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠላፊ እንዳያገኛት ይሰጋል። ካልተገረዘች የሚያጫት እንዳይጠፋ ይሰጋል። ስጋቱ የአንድ ቤት አይደለም፤ የመንደሩ ሁሉ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ልማዱን ልተው ቢል መሳለቂያ የምትሆነው ልጅቷ ናት። መንደሩ ተነጋግሮ አንድ ላይ ሲተወው ግን የሚያስፈራው ነገር ራሱ ይጠፋል። ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ ብቻቸውን ያልቻሉትን የማኅበረሰብ ውይይት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ጠንቅቀው የተረዱት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ነበሩ። ውኃ ልቅዳ ብለው ከቤት እየወጡ ተደብቀው ፊደል የቆጠሩ፣ ራሳቸውም ግርዛት የተፈጸመባቸው የከምባታ ልጅ ናቸው። በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተምረው ከተመለሱ በኋላ ከእህታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ኬኤምጂ ኢትዮጵያ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሐሳባቸው የሴቶችን ሕይወት መለወጥ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ግን አስቀድሞ የነገራቸው ስለ ድልድይ ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ይሠራልን አላቸው። ዶክተሯ ‹‹የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው›› ብለው አልመለሱትም። ድልድዩ ተሠራ፤ ስለ ሴት ልጅ የሚሉት ነገር ጆሮ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ረጅም ወሬ ነበር፤ ወሬ ስንል ቁም ነገሩን ማለታችን ነው። ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣት ወንዶችና ልጃገረዶች አንድ ላይ እየተቀመጡ ለወራት ተነጋገሩ። በቤት ውስጥ እንኳ በስሙ የማይጠራው ነገር በአደባባይ ተነሳ። እድሮች ልጁን የሚያስገርዝ አባል ላይ የራሳቸውን ቅጣት ወሰኑ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ያልተገረዘች አንዲት ሙሽራ ስትዳር፣ እሷ አለመገረዟን፣ ሙሽራው ደግሞ በዚያ መደሰቱን በጽሑፍ ለታዳሚው አሳይተዋል፤ እንደ እሷው ያልተገረዙ ልጃገረዶችም አጅበዋታል። ‹‹ያልተገረዘች ማን ያገባታል?›› የሚለው ጥያቄ የዚያን ቀን መልስ አገኘ። በድርጅቱ የሥራ አካባቢዎች በሁሉም ልጃገረዶች ላይ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይፈጸም የነበረው ግርዛት ከመቶ 3 በታች መውረዱ ተዘግቧል። ዶክተር ቦጋለች በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ያረፉት ይህን አይተው ነው።

በአማራ ክልል በሞሰቦ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተሞከረው ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራምም ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። ልጃገረዶች በሴት አማካሪዎች እየተመሩ በቡድን ይሰበሰቡ ነበር፤ ወላጆችና ጎረቤቶች ደግሞ በማኅበረሰብ ውይይት ይካፈሉ ነበር። ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች በመጨረሻ የቤት እንስሳ ይሰጣቸው ነበር። ውጤቱ ሲገመገም ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰባቸው እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል፤ በትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸውም በሦስት እጥፍ በልጧል። ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ግን ጋብቻው አልቀነሰም። ሥራውን ለማሳነስ አይደለም ይህን የምናነሳው። ልጅቷ 15 ሲሞላት ውይይት ብቻውን እንደማይበቃት ስለሚነግረን ነው።

በዚያ ዕድሜ ያለው ችግር የታወቀ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ልጅቷ ስንቅ ቋጥራ በወረዳ ከተማ ቤት ተከራይታ መማር አለባት። ብቻዋን ስታድር ቤተሰቧ ይጨነቃል፤ ኪራዩም ይከብዳል። ትምህርቷን ካቆመች መሬት የላትም፣ ለብድር የሚጠየቀው ዋስ የላትም። ስለዚህ ከባልና ከዓረብ አገር ሌላ የሚታያት ነገር ጥቂት ነው። ውይይቱ ያመጣውን ጊዜ ትምህርትና ገቢ ካልተቀበሉት፣ የተገኘው ነገር የጥቂት ዓመታት ዕረፍት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መንግሥትም ከራሱ ታሪክ ሊማር ይገባል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001፣ ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በፆታ እኩልነትና በሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠሩ አግዶ ነበር። በገጠር ለልጃገረዶች የሚቆሙ እጆች ለአሥር ዓመታት ታስረው ቆዩ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ማነቆ አንስቷል። የተከፈተው በር ዳግም እንዳይዘጋ እንጠይቃለን።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። የወጣት ሴቶች ጉዳይ በከተማ ሆቴል አዳራሽ በሚደረግ የሁለት ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠናና በአበል አይለወጥም። ለጋሾች በአንድ ዓመት ውጤት የሚጠይቅ ፕሮጀክት መስጠታቸውን ትተው፣ መንደሩ ራሱ ተነጋግሮ እስኪወስን የሚታገሥ በጀት ይመድቡ። ‹‹ድልድይ›› የሚላቸውን ሕዝብ ይስሙ፤ ጥያቄው ውኃም ይሁን ወፍጮ፣ ከልጃገረዶቹ ሕይወት የራቀ አይደለም።

ማኅበረሰቡ ይምራ ስንል ግን ሽማግሌ ብቻውን ይወስን ማለታችን አይደለም። ጠላፊውን ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር አስታርቆ፣ ነገሩን በካሳና በጋብቻ የሚዘጋ ሽምግልናም ከዚሁ ማኅበረሰብ የሚወጣ ነው። እዚያ ጉባኤ ላይ ልጅቷን የጠየቃት የለም። ስለዚህ በየቀበሌው የሚካሄድ ውይይት ያላገቡ ልጃገረዶች የሚናገሩበት መቀመጫ ይኑረው። አዋቂ ባለበት ለመናገር የሚያፍሩ ስለሆኑም አስቀድመው ብቻቸውን የሚመክሩበት የራሳቸው ቡድን ይቋቋምላቸው።

የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርና ክልሎች ከቤታቸው ርቀው ለሚማሩ የገጠር ልጃገረዶች የኪራይና የስንቅ ድጋፍ በበጀት ይያዙ። የብድር ተቋማት በቡድን ለሚቆጥቡ ወጣት ሴቶች ዋስትናው ቡድኑ እንዲሆን ይፍቀዱ። የየቀበሌው የእድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶችም የሠርጉ ወር ጥር ከመግባቱ በፊት ይህን ጉዳይ በስብሰባቸው ያንሱት፤ ልጃገረዶቹን ጠርተው ይስሟቸው።