ዛፍ መሆን የፈለገችው ሴት

ደቡብ ኮሪያዊቷ ደራሲ ሃን ካንግ እ.ኤ.አ. በ2007 ስላሳተመችው «ቬጀቴሪያኗ» ስለተሰኘው ልብ ወለድ ሲጻፍ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ትርጓሜ አለ፤ ዛፉ የንጽሕና፣ የሰላምና ወደ ተፈጥሮ የመመለስ ምልክት ነው የሚል። በዚህ አልስማማም። እንዲህ ያለው ንባብ መጽሐፉን አለስልሶ፣ ፖለቲካውን አውልቆ ለጌጥ የሚያስቀምጥ ይመስለኛል።

ላላነበቡት በአጭሩ፦ ዮንግ-ሄ የምትባል ሴት በደም የተሞላ ሕልም ታይና ሥጋ መብላት ታቆማለች። ያደረገችው ይኸው ብቻ ነው። ባሏ ያፍርባታል፤ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፤ አባቷ በጥፊ መትቶ ሥጋውን በኃይል አፏ ውስጥ ይከታል። እርሷም ቢላ አንስታ የእጇን አንጓ ትቆርጣለች። (የዓመቱን እኩሌታ ገደማ በሚጾም ሕዝብ መካከል ላደገ አንባቢ የቤተሰቡ ቁጣ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ነገር ግን ጾም ከማኅበር ጋር የሚገባበት፣ መፍቻ ቀንም ያለው ነው። የዮንግ-ሄ እምቢታ ፋሲካ የለውም፤ የቆመችውም ብቻዋን ነው።)

ለመሆኑ አባትየው ማን ነው? በቬትናም የዘመተ፣ በዚያም ባገኘው ሜዳይ የሚኩራራ የቀድሞ ወታደር ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 ድረስ ከ300 ሺህ በላይ ወታደሮች ወደዚያ ጦርነት ልካለች። ልጁን የነከሰውን ውሻ በሞተር ብስክሌት አስሮ እስኪሞት የጎተተው፣ ሥጋውንም ለማእድ ያቀረበው ይኸው ሰው ነው። ደራሲዋ ይህን በዘፈቀደ የጨመረችው አይደለም፤ ጦር ሜዳ የተለመደው ጭካኔ ሳይጠየቅ ወደ ቤት መግባቱን እያሳየችን ነው።

ዛፉ ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ዮንግ-ሄ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ በእጆቿ ተዘቅዝቃ ትቆማለች፤ ከመዳፎቿ ሥር እንደሚወጣ ታምናለች፤ ከውኃና ከፀሐይ በቀር የሚያስፈልገኝ የለም ትላለች። ዛፍን የመረጠችው ስለሚያምር አይደለም። ሌላውን ሳይገድል የሚኖር ፍጡር ስለሆነ ነው። ሐኪሞቹ በበኩላቸው በአፍንጫዋ ቱቦ እየሰደዱ ሊመግቧት ይሞክራሉ። በእኔ እምነት የመጽሐፉ እጅግ መራራ ገጽ ይህ ነው፤ አባት በጥፊ የጀመረውን ተቋሙ በነጭ ካባ ይቀጥለዋልና። ሐኪሞቹ ነፍስ ለማዳን መሞከራቸውን አልክድም፤ ሆኖም የገዛ ሰውነቷ ባለቤት ማን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ዛፉም ቢሆን አዳኝ አይደለም። ታላቅ እኅቷ ኢን-ሄ በአንድ ንጋት ሕይወቷን ልታጠፋ ወደ ተራራ ስትወጣ ሊቀበላት የፈቀደ አንድም ዛፍ አታገኝም። ጫካው አያባብልም፣ አይፈርድም። የመጨረሻው ክፍል ርእስም ዛፍን ከነበልባል ጋር ያጣመረ ነው፤ የሰላም ምልክት ይነድዳል?

ጥርጣሬ የቀረው አንባቢ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን «አንሰናበትም» የተሰኘውን ልብ ወለዷን ይመልከት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1948 በጄጁ ደሴት የጀመረውን ጭፍጨፋ የሚዳስስ ሲሆን፣ በዚያ ያለቀው ሕዝብ ከ25 እስከ 30 ሺህ ይገመታል። በመክፈቻው ሕልም በረዶ በሚወርድበት ሜዳ ላይ እንደ መቃብር ድንጋይ የቆሙ፣ አናታቸው የተቆረጠ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር ግንዶች ይታያሉ፤ ባሕሩም እየሞላ ወደ እነርሱ ይመጣል።