ጥፋቱ የባሕሩ ብቻ ነውን?

ሰሞኑን በምግብ አዳራሽ ከአንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛዬ ጋር ክርክር ገጥመን ሾርባችን ቀዘቀዘ። የነገሩ መነሻ ጄሊፊሽ ነበር። (ስሙ በእንግሊዝኛ የዓሣ ስም ቢመስልም ዓሣ አይደለም፤ አጥንትም አንጐልም የሌለው፣ ጃንጥላ የመሰለ ዝልግልግ የባሕር እንስሳ ነው።) ባሕር የሌላት አገር ልጆች በጄሊፊሽ ምን አጣላቸው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ጥቂት ይታገሠኝ።

ጓደኛዬ፣ በናሚቢያ ጠረፍ ጄሊፊሽ የበዛው ባሕሩ ስለተስማማው ነው አለ። አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ቤንጌላ የሚባለው ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ጅረት በዚያ ጠረፍ አጠገብ ወደ ሰሜን ይፈሳል። ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ የላዩን ውሃ ከጠረፉ እየገፋ ሲወስደው፣ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛና ምግብ ያዘለ ውሃ ይወጣል። በዚህም ውሃ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ተክሎች እንደ ክረምት ሣር ይፈላሉ። መፍላታቸው መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን ሞተው ወደ ታች ሰጥመው ሲበሰብሱ የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። አንዳንድ ጊዜማ የገለማ ዕንቍላል የሚሸት መርዛም ጋዝ ከባሕሩ ወለል ይወጣና የዋልቪስ ቤይ ሰዎች አፍንጫቸውን ይይዛሉ። በእንዲህ ያለው ውሃ ብዙው ዓሣ ሲታፈን፣ ጄሊፊሽ ግን በጥቂት ኦክሲጅን መኖር ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ተስማማን። የተጣላነው «ስለዚህ ተጠያቂው ተፈጥሮ ነው» ባለ ጊዜ ነው።

ይህ ነፋስና ይህ ጅረት እኮ ትናንት የመጡ አይደሉም! በ1968 (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከዚያው ባሕር ከ1.3 ሚሊዮን ቶን በላይ ሰርዲን ተጠምዷል። በዚያን ጊዜ አገሩን የሚገዛው የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ መንግሥት ነበር፤ ናሚቢያ ነፃ የወጣችው በ1990 ነው። ታዲያ የባሕሩን ባለቤት፣ የአገሩን ሕዝብ፣ ስንት ይጠመድ ብሎ ማን ጠየቀው? ዓሣው በጣሳ ታሸገ፣ ተፈጭቶም የእንስሳት መኖና ዘይት ሆነ። ጥቂት ዓመታት ሳይቈዩ ሰርዲኑ አለቀ። ሰርዲንና ጄሊፊሽ በአንድ ገበታ የሚሻሙ ናቸው፤ አንዱ ሲነሣ ገበታው ለሌላው ቀረ። ይባስ ብሎ ጄሊፊሽ የዓሣውን ዕንቍላልና ጫጩት ስለሚበላ፣ የተረፈው ዓሣ መልሶ እንዳይበዛ ያደርገዋል። በ2003 የተደረገ ጥናት በዚያ ባሕር 12.2 ሚሊዮን ቶን ጄሊፊሽ፣ 3.6 ሚሊዮን ቶን ዓሣ ብቻ እንዳለ ገመተ።

ጓደኛዬን ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ያሰኘሁት ግን በሌላ ነው። ያው ጅረት በደቡብ በኩል የራሷን የደቡብ አፍሪካን ጠረፍ ያጥባል። እዚያም በ1960ዎቹ ሰርዲን ቀንሶ ነበር፤ ሆኖም አንቾቪ የተባለው ትንሽ ዓሣ ቦታውን ያዘ፣ አጠማመዱም ይበልጥ ተቈጣጣሪ ነበረው፤ ጄሊፊሽም ባሕሩን አልወረሰም። ገዢው አንድ፣ ጅረቱ አንድ፤ የራስ ጓዳና የሰው ጓዳ ግን እኩል አይጠበቁም። እርግጥ በሰሜን ያለው ውሃ ኦክሲጅኑ ያንሳል፤ ይህን ጓደኛዬ ወዲያው አስታወሰኝ፣ እኔም አልካድሁም። ባሕሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር፤ ዘበኛውን ያባረረው ግን ሰው ነው እላለሁ።

በዚያ ሁሉ መካከል አንድ ደስ የሚያሰኘኝ ፍጡር አለ። ጎቢ የሚሉት ትንሽ ዓሣ ቀን ቀን ኦክሲጅን በጐደለው የባሕር ወለል ተኝቶ ይውላል፣ ማታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጄሊፊሹንም ይበላል። እርሱን ደግሞ ትልልቆቹ ዓሦች ይበሉታል። ይሁን እንጂ ጎቢ ሰርዲንን አልተካም። ናሚቢያ በ2018 ሰርዲን ማጥመድን አግዳለች፤ ከ1968ቱ ዓመት ሲቈጠር 50 ዓመት መሆኑ ነው።

ጓደኛዬ መልስ አለኝ ብሏል። ለሚቀጥለው እትም ይጻፈው፤ የሾርባውን ነገር ግን እንዳያነሣብኝ።