በሙዚቃ ሜዳ ስለ መልካም መቆሚያ ስፍራ

በአዲ አርቃይ ሠርግ በሆነ ጊዜ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ በዳሱ ውስጥ እየተዘዋወረ ስለሚዘፍን፥ ሰሚው ስፍራ ለመፈለግ አይደክምም፤ ዘፋኙ ራሱ ወደ ሰሚው ይመጣል። በስታዲዮም ውስጥ በሚደረገው የሙዚቃ ትርዒት ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ዘፋኙ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ይቆማል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ወደ እርሱ ይገፋል። በቀድሞ ዘመን በግብር አዳራሽ እያንዳንዱ ሰው እንደ ማዕርጉ የሚቀመጥበት የታወቀ ስለ ነበረ፥ አጋፋሪው እየመራ ያስገባው ነበር። በሜዳ ላይ አጋፋሪ የለም። የትልቅ ሰው ልጅም ቢሆን የድኻ ልጅም ቢሆን ስፍራውን የሚያገኘው ቀድሞ በመምጣቱና በማስተዋሉ ነው። ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ በተከለለው ስፍራ የሚገባም አለ፤ ስለ እርሱ የምንጽፈው የለንም፤ ገንዘቡ ያስቀምጠዋል። ቆሞ ለሚሰማው ቤተ ሰብ ግን ጥቂት ቃል ልንሰጥ ወደድን።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ከተፈጸመ በኋላ ቴዎድሮስ ካሣሁን፥ ሕዝቡ ቴዲ አፍሮ የሚለው፥ በባሕር ዳር ስታዲዮም ትርዒቱን ባሳየ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። እንዲህ ላለው ትርዒት ከአዲ አርቃይ የሚነሣ ሰው የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፥ ደባርቅንና ዳባትን አልፎ፥ ጎንደር ይደርሳል፤ ከዚያም እስከ ባሕር ዳር ገና 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ይህን ሁሉ መንገድ የተጓዘ ሰው ከመድረኩ እግር ሥር ካልቆምሁ ድካሜ ከንቱ ነው ብሎ ማሰቡ አያስደንቅም። እኛ ግን ይህን አሳብ አንቀበለውም፤ ምክንያቱንም እናስረዳለን።

መድረኩ ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ ነው። ከሥሩ የቆመ ሰው አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ የዘፋኙን ጫማና አገጭ ያያል፤ ከኋላ የተቀመጡትን ከበሮ መቺና ክራር ደርዳሪ ግን አያይም። ድምፁም ቢሆን ከዘፋኙ አፍ በቀጥታ አይመጣም። በመድረኩ ግራና ቀኝ ከፍ ተደርገው የተሰቀሉት የድምፅ ማጉያዎች ወደ ሩቁ ሕዝብ የተነጣጠሩ ስለ ሆኑ፥ ቃሉ ከፊተኛው ሰው ራስ በላይ ያልፋል፤ ለእርሱ የሚደርሰው ከምድር ከተቀመጡት ትልልቅ ሣጥኖች የሚወጣው ጉምጉምታ ነው። ደረቱ ይመታል፤ ግጥሙን ግን አይለይም። ግጥሙን የማይሰማ የአማርኛ ዘፈን ሰሚ ደግሞ ከዘፈኑ ግማሹን አጥቷል ብንል የሚቃወመን አይኖርም፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የሚፈልግ ሕዝብ ነውና።

ታዲያ መልካሙ ስፍራ የት ነው? በሜዳው መካከል፥ ከመድረኩ ፊት ለፊት ራቅ ብሎ፥ አንድ ትንሽ ድንኳን ወይም የታጠረ ሰገነት ይታያል። በዚያ የተቀመጠው ባለሙያ የዘፋኙንና የመሣሪያዎቹን ድምፅ እያመዛዘነ የሚያስተካክል ነው። የሚያስተካክለውም በራሱ ጆሮ ስለ ሆነ፥ በአጠገቡ የቆመ ሰው እርሱ የሚሰማውን ይሰማል። ከዚህም በላይ የድንኳኑ አጥር ጀርባን ስለሚያስደግፍ፥ ከኋላ የሚመጣው ግፊያ አያገኝም። ከዚያ አልፎ እጅግ መራቅ ግን አይገባም። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ በ100 ሜትር ርቀት የቆመ ሰው የዘፋኙ አፍ ሲከፈት ካየ በኋላ ቃሉ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ይህም ዓይንን ከጆሮ ጋራ ያጣላል።

ወደ መድረኩ ቀርቦ ማየት የግድ ነው የሚል ሰው ደግሞ መካከሉን ትቶ ጎኑን ይምረጥ። ሕዝቡ ከበሩ እንደ ገባ በቀጥታ ወደ መካከል ስለሚጎርፍ፥ ከበሩ ራቅ ያለው ጎን ዘግይቶ ይሞላል። በዚያ በኩል በሩ በተከፈተ በአንድ ሰዓት ውስጥ የደረሰ ሰው፥ በመካከል ግማሽ ቀን ሲጋፋ ከዋለው ይልቅ ቀርቦ ሊቆም ይችላል። ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው ተዳፋት ይፈልግ። የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት ዓመት በጥር 1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በሙዚቃ በተከበረ ጊዜ፥ አደባባዩ እንደ ደረጃ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ በላይኛው እርከን የቆመው ሰው ከታችኛው ሰው ራስ በላይ ለማየት ይችል ነበር። ሜዳው ለጥ ያለ ሲሆን ግን ልጅን በትከሻ ማውጣት ይለመዳል። ይህ ለአንድ ዘፈን ይፈቀድ ይሆናል፤ ከዚያ የበለጠ እንደ ሆነ ግን ከኋላ የቆሙትን ዐሥር ሰዎች ማሳወር ነው። ቴሌፎኑን ከፍ አድርጎ ትርዒቱን ሁሉ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ስለሚያመሸው ሰውም የምንለው ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመለሳለን። መልካም ስፍራ ፍለጋ ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። በጎንደር በአፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዓሉን ለማየት ሕዝብ የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ስለዚህ ከእንጨት በተሠራ ርብራብ ላይ ከመውጣት በፊት እግሩንና ማሰሪያውን ማየት፥ ሰው ከበዛበትም መውረድ ይገባል። በሙዚቃ ሜዳም እንደዚሁ ሆኗል። በዴንማርክ አገር በሮስኪልዴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓመት 9 ወጣቶች፥ በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማም በ2021 ዓመት 10 ሰዎች፥ ዘፈን ሊሰሙ ሄደው በሕዝብ መጨናነቅ አልቀዋል።

ብዙ ሰው እነዚህ የሞቱት ተረግጠው ነው ብሎ ያስባል። ብዙውን ጊዜ ግን እንዲህ አይደለም፤ ደረት ከፊትና ከኋላ ተጨምቆ መስፋት ሲያቅተው ሰው ቆሞ ሳለ ትንፋሹ ይቋረጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሦስት ሰው የቆመ እንደ ሆነ መላወስ ይቻላል። አምስት ካለፈ የሚያሠጋ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሕዝቡ እንደ ውሃ ይወዛወዛል፤ ማንም እግሩን በፈቀደበት አያኖርም። መለኪያ ሜትር ይዞ የሚሄድ ስለሌለ ቀላሉ ፈተና ይህ ነው፤ እጅን ያለ ችግር ወደ ፊት አንሥቶ ግንባርን ለመዳሰስ ካልተቻለ፥ ዘፈኑ ምንም ቢጥም ከዚያ ስፍራ መውጣት ያስፈልጋል። ሲወጡም ግፊያውን ፊት ለፊት አይቃወሙትም፤ ክንዶችን በደረት ፊት አጥፎ ለትንፋሽ ቦታ እየጠበቁ፥ ግፊያው ጋብ ባለ ቊጥር ወደ ጎን በሰያፍ ጥቂት ጥቂት ይራመዳሉ። የወደቀ ነጠላ ወይም ጫማ ለማንሣት ማጎንበስ ፈጽሞ አይገባም። የወደቀ ሰው ያየ ግን አጠገቡ ካሉት ጋራ ተባብሮ ያንሣው።

ሕፃናትን ይዞ የሚመጣ ቤተ ሰብ ከሜዳው ይልቅ በደረጃው ላይ ቢቀመጥ እንመርጣለን። ዘፋኙ ትንሽ ሆኖ ይታያቸዋል፤ ነገር ግን መውጫው ቅርብ ነው። ድምፅ 100 ዴሲቤል ሲደርስ ከሩብ ሰዓት በላይ መስማት ጆሮን እንደሚጎዳ ሊቃውንት ስለሚናገሩ፥ ለልጆች የጆሮ መድፈኛ መያዝ ያስፈልጋል፤ በማጉያው ሣጥን አጠገብ ማቆምም ነውር ነው። ገቢና ወጪው በበዛ ጊዜ ቴሌፎን ስለማይሠራ፥ ገና ሳይገቡ ከስታዲዮሙ ውጭ መገናኛ ስፍራ ይቈረጥ፤ «በሩ አጠገብ» ማለት ግን መገናኛ አይሆንም፤ በሮች ብዙ ናቸው። ከቆላ የሚመጣው የአዲ አርቃይ ሰው የጎንደር የጥር ሌሊት ብርድ እንዳለው አይዘንጋ፤ ጋቢ ይያዝ፤ እስኪበርድ ድረስ ወገብ ላይ ይታሰራል።

ለመውጣትም ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ወይም ሕዝቡ ከሄደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። በመካከሉ የሚጣደፍ ሰው በሩ ላይ ይጨናነቃል። ወደ አገሩ የሚመለሰውም መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቆ ይነሣ፤ ጎንደር ወይም ደባርቅ አድሮ የሊማሊሞን ቊልቊለት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይጀምረው፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ሾፌር በዚያ ጠመዝማዛ ላይ በሌሊት ሊነዳ አይገባውምና።