በኀፍረት የሚታከም ቆዳ

ሰው ስለ ጥርሱ፣ ስለ ዐይኑ ወይም ስለ ጨጓራው ሕመም ሲናገር አይሸማቀቅም። በብልቱ አካባቢ ያለው ቆዳ በየጊዜው እየተላጠ ሲያስቸግረው ግን ከሐኪም ፊት ቀርቦ እንኳ «ትንሽ ያሳክከኛል» ከማለት አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም ባለመሆኑ አንባቢ «ይህ ምን አገባው?» ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና ጉዳዩ በከፊል የሙቀት፣ የሰበቃና የዲፊዩዥን ጉዳይ ነው። ከዚህም በላይ ተመላልሶ የሚመጣ ክሥተት ሁሉ መረጃ ነው፤ ያፈረ ሰው ደግሞ መረጃ አይሰበስብም።

ይጁቤን እንውሰድ። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በምትገኘው በዚህች ትንሽ ከተማ መድኃኒት የሚሸጠው ሰው የጎረቤት ልጅ ወይም የክርስትና አባት ዘመድ መሆኑ አይቀርም። በመሆኑም ችግሩ የደረሰበት ወጣት ማንም ወደማያውቀው ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ደንበኞች እስኪወጡ ይጠብቅና በዝግታ «ለሽፍታ የሚሆን ቅባት» ይላል። ሻጩም ቆዳውን ሳያይ አንድ ቱቦ ያቀብለዋል። በቱቦው ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ በአንድነት የተቀላቀሉበት ቅባት ነው። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ይጠፋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን መላጡ ሰፍቶ ይመለሳል፤ ወጣቱም ለሁለተኛ ቱቦ መንገድ ይጀምራል።

ለምን ይመለሳል? ጀርመናዊው አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1855 ያወጣውን ሕግ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፦ በአንድ ንጣፍ ውስጥ የሚሰርገው የቁስ መጠን በሁለቱ ወገኖች መካከል ባለው የክምችት ልዩነት ልክ ይጨምራል፤ ንጣፉ በወፈረ መጠን ደግሞ ይቀንሳል። (ፊክ ራሱ ሐኪም ነበር፤ እርሱ ወደ እኛ ሙያ ከገባ እኔም ወደ እርሱ ብሻገር ብዙ አያስነቅፍም።) የዘር ፍሬ ከቀሪው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ባለ ሙቀት ውስጥ መቆየት ስላለበት፣ የያዘው ከረጢት ሙቀት ማስወጫ ሆኖ ተሠርቷል። ቆዳው ስስ ነው፤ ከሥሩ ስብ የለውም፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ በብርዳማ የደጋ ማለዳ ደግሞ ተጨማድዶ ስፋቱን ይቀንሳል። ሙቀትን በቀላሉ የሚያስወጣው ይህ ስስነት መድኃኒትንም በቀላሉ ያስገባል። ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ልኬት፣ በዘር ፍሬ ከረጢት ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት የገባው ሃይድሮኮርቲሶን በክንድ የውስጥ ገጽ በኩል ከገባው 42 እጥፍ ነበር። ስለዚህ ለክንድ የሚስማማ ቅባት ለዚህ ቦታ ከባድ መድኃኒት ነው ማለት ነው። እንደ ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶል ያሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች ያለ ሐኪም ክትትል ለሳምንታት ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል፤ ሲቋረጡም ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል። የመላጡ ምክንያት ፈንገስ ከሆነ ደግሞ ስቴሮይዱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ ይስፋፋል፤ መልኩንም ስለሚለውጥ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል።

ከምክንያቶቹ ሁሉ ተራው፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሳሙና ነው። ጤናማ ቆዳ ፒኤቹ 5 አካባቢ ሲሆን የተለመደው ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። የልብስ ሳሙና በተለይ ቆዳውን ያደርቃል። የተላጠበት ሰው «ቆሽሼ ነው» ብሎ አጥብቆ ይፈትጋል፤ በፈተገ ቁጥርም ይበልጥ ይላጣል። በላዩ ላይ ላብ ያረጠበው ጠባብ ሱሪና ናይለን የውስጥ ልብስ ሲጨመር ሰበቃው ሥራውን ይቀጥላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ በንጹሕ ውኃ ብቻ መታጠብ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ያልተቀመመ ቫዝሊን መቀባት፣ ሰፋ ያለ የጥጥ የውስጥ ልብስ መልበስ። ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ መለጠፍ ግን ቆዳን ያቃጥላል፤ ይቅር።

በብሽሽት ላይ ጠርዙ የቀላ፣ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ካለ ጭርት ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ከእግር ጣቶች መካከል ይነሣል፤ የውስጥ ልብስ በእግር በኩል ሲጠለቅ ፈንገሱን ይዞ ይወጣል። የእግሩ ካልታከመ የብሽሽቱ ይመለሳል። እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ቅባትም ማሳከኩ እንደ ጠፋ አይቋረጥም፤ በታዘዘው መሠረት ለሳምንታት ይቀጥላል። ካንዲዳ የተባለው እርሾ መሰል ፈንገስ በብልት ጫፍ ላይ ከተመላለሰ፣ በተለይ በእኛ አገር አብዛኛው ወንድ የተገረዘ በመሆኑ፣ የደም ስኳርን ማስመርመር ተገቢ ነው። ሌሊት የሚብስ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኞችንም የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ እከክን ማሰብ ያሻል። ከ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጋር ተያይዞ በአማራ ክልል በ68 ወረዳዎች በተደረገ ፍተሻ ከታዩት ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች መካከል ሲሶ ያህሉ እከክ ተገኝቶባቸዋል። እከክ በእጅ ላይ ሲወጣ በአደባባይ ተነገረ፣ መድኃኒትም ታደለ፤ ያው ተባይ በብልት ላይ ሲወጣ ግን ሰው ዝም ይላል። እከክ ደግሞ አብረው የሚኖሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልታከሙ አይለቅም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ከተዋጠ ክኒን የሚመጣው ነው። አንዳንድ ሰው አንድ የተወሰነ መድኃኒት በዋጠ ቁጥር፣ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ላይ ክብ ቁስለት ይወጣበታል፤ ያቃጥላል፣ አንዳንዴ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያም ተልጦ ጥቁር ምልክት ትቶ ይድናል። የብልት ጫፍ ከሚመርጣቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ይህን የመድኃኒት ሽፍታ ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮክ እ.ኤ.አ. በ1894 «ቋሚ» ያለው ቦታውን ስለማይለቅ ነው። ምክንያቱም መድኃኒቱን የሚያስታውሱ የመከላከያ ሕዋሳት በዚያው ቆዳ ውስጥ ሰፍረው ስለሚቀሩ ነው። ኮትሪሞክሳዞል፣ ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊንና አይቡፕሮፌን ከሚታወቁት ቀስቃሾች መካከል ናቸው። ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ በወባ የታመመን ገበሬ እናስብ። እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ በአገራችን ለወባ በቅድሚያ ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳር ሰልፋ አለበት፤ ይህም ሽፍታውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ገበሬው «የቆላው ሙቀት ነው የላጠኝ» ቢል ከልቡ ነው፤ ቆላ በወረደ ቁጥር ደርሶበታልና። የአባላዘር በሽታ መስሎት በስውር ቴትራሳይክሊን የሚውጠው ወጣት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ይገጥመዋል፤ የሚፈራውን ነገር የሚያመጣበት ራሱ የሚውጠው ክኒን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሰውነት ክፍል በአደባባይ የሰማነው በአመዛኙ ከኤችአይቪና ከአባላዘር በሽታዎች ጋር ተያይዞ ነው። ትምህርቱ ሕይወት አድኗል፤ ነገር ግን በዚያ ቦታ የሚታይ ሁሉ የዝሙት ምልክት ነው የሚል ጥርጣሬንም አብሮ ተክሏል። ሳሙና ያመጣው መላጥ ትዳር ሲያናጋ ማየት ያሳዝናል። ይህን ስል ግን የማይጠዘጥዝ ቁስል፣ ፈሳሽ ወይም የብሽሽት እብጠት ያለበት ሰው ቤቱ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም፤ እርሱ ሳይውል ሳያድር ይመርመር፣ የቂጥኝ የደም ምርመራም ያድርግ። ሳያዩ ስቴሮይድ የሚሸጡ መድኃኒት ቤቶችንም በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ሊከለከሉ ይገባል።

መላጡ የሚመላለስበት አንባቢ ለአንድ ወር ማስታወሻ ይያዝ። የጀመረበትን ቀን፣ በዚያ ሳምንት የዋጠውን ክኒን፣ የታጠበበትን ሳሙና፣ የቀባውን ቅባት፣ ቦታው ያው መሆኑን ወይም መቀየሩን ይጻፍ። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ከማስታወሻው ጋር ቱቦዎቹን፣ ባዶ ቢሆኑም፣ ይዞ ይሂድ፤ በቃል ለመናገር የከበደውን ሐኪሙ ከጽሑፉ ያነብለታል።